የዮሴፍ ዘአርማትያስ በትር በዋሽንግተን ኮረብታ

ከአሜሪካ ከተመለስሁ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁና ስለ በረዶው ነው። ፎቅ አዲስ አበባም አለ። በረዶውም እኔ በነበርሁበት ሰሞን አንድ ጠዋት ጣል አድርጎ ቀትር ሳይሆን ቀለጠ። ልጄ ዘንድ የቆየሁት አንድ ወር ነው፤ የምጽፈው ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ገበያ መዞርና ሶፋ ላይ ማንቀላፋት ነበር። ወደዚያ አገር መቼም ለማይሄዱት፣ ይልቁንም ሠላሳ ዓመት አብረውኝ ላስተማሩት ባልደረቦቼ፣ የሆነውን በየቀኑ እነግራለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2003

አውቶቡሱ ከደብረ ማርቆስ የተነሣው ሲነጋጋ ነው። ደጀን ላይ ለቁርስ ቆመ፤ የነቢያት ጾም ስለነበር ሹፌሩም ተሳፋሪውም ሽሮ በላን። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንጀምር አጠገቤ የተቀመጡ እናት አማተቡና «ወዴት ነው ጉዞዎ?» አሉኝ።

«አሜሪካ፤ ልጄን ልጠይቅ።»

«የተባረከች ልጅ ናት!» ብለው ከቋጠሮአቸው ቆሎ ዘገኑልኝ።

የነገርኋቸው እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ወንድሜ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ኅሩይ ከዋሽንግተን ጥግ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ሃያ ስድስት ዓመት ተኳርፈናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድንባት ቀበሌ ወይራ አምባ ትባላለች። በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አንድ ወይራ አለ። በጥንት ዘመን ከኢየሩሳሌም የመጡ መነኩሴ ደክሟቸው በትራቸውን ቢተክሉት ለምልሞ ዛፍ ሆነ፤ አገሩም በዚያ ተአምር አመነ ይባላል። ኋላም በድርቅ ዓመት ዛፉ ደርቆ ሳለ ዳግመኛ በራሱ አቆጠቆጠ ይባላል። አባታችን የደብሩ ቄሰ ገበዝ ነበሩ።

በ1977 ዓ.ም. እኔ የታሪክ መምህር ሆኜ ተማሪዎቼን ወደዚያ ለጉብኝት ወሰድሁ። ግንዱን በሜትር ለካሁና «ይህ ዛፍ ከአርባ ዓመት አይበልጥም፤ በራሱም አልበቀለም፤ የሰው እጅ የተከለው ነው» አልኋቸው። ዘመኑ እንዲህ ያለ ንግግር የሚያስመሰግንበት ነበር፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የተናገርሁት። ዞር ስል አባቴ ከኋላዬ ቆመዋል። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ያን ዕለት ራት ሳይበሉ ቀሩ፤ በቀጣዩ ክረምት ዐረፉ። ከቀብር መልስ ኅሩይ በለቀስተኛው ፊት «አባቴን የገደልኸው አንተ ነህ» አለኝ። እሱም ኋላ ልጁን ተከትሎ አሜሪካ ገባ።

ዘንድሮ ባለቤቱ ወይዘሮ እማዋይሽ ለልጄ ደውለው «ዓይኑ እየጠፋ ነው፤ ሐኪሞቹም አይመለስም ብለዋል። ፊቱን ማየት ሳያቅተው ወንድሙ ይምጣለት» ባይሉ ኖሮ አልሄድም ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 23

አውሮፕላኑ ሮም ላይ ነዳጅ ቀድቶ በጠዋት ዋሽንግተን አረፈ። እኔ ደረስሁ፤ ሻንጣዬ አልደረሰም። የሚዞረው ቀበቶ ላይ የሰው ዕቃ ሁሉ አልቆ አንድ ባለቤት የሌለው የሕፃን ጋሪ ብቻውን ሲሽከረከር ቆሜ አየሁ። በርበሬው፣ ለወንድሜ ያሠራሁት ጋቢ፣ የክረምት ካፖርቴ፣ ሁሉም እዚያ ሻንጣ ውስጥ ነበር።

ልጄ ሰላማዊት በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰችና ወዲያው ሻንጣዬን ፍለጋ ገባች። «አታስብ አባዬ፣ ሪፖርት አድርገናል፤ ሲገኝ ኮል ያደርጋሉ።» የራሷን ወይን ጠጅ ጃኬት አውልቃ አለበሰችኝ። ወገቡ ላይ የተቀጨ፣ የሴት ጃኬት ነው። ደብረ ማርቆስ ቢሆን ከቤት አልወጣበትም ነበር። እዚያ ግን ዞር ብሎ ያየኝ ሰው የለም፤ ይህም ትንሽ ቅር አሰኘኝ።

የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ላንድማርክ በሚሉት ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። አንዱ ሕንፃ የእኛን ቀበሌ ሕዝብ ይይዛል። አሳንሰሩ ውስጥ በአማርኛ የሚያወሩ ሁለት ሴቶች አገኘንና ሰላም ተባባልን። ከዚያ የየፎቃችን በር ተከፈተ፤ ተዘጋ፤ አለቀ። እኛ ዘንድ ከሩቅ አገር እንግዳ መጣ ሲባል ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 24

ሰላማዊት የምትሠራው ሆቴል ነው፤ እሑድም ሺፍት አላት። «ምግቡ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ወደ ውጭ አትውጣ» ብላኝ ሄደች። ወደ ውጭ አልወጣሁም። ኮሪደሩን ብቻ ልየው ብዬ ሁለት እርምጃ ስራመድ በሩ ከኋላዬ ራሱን ቆለፈ።

በነጠላ ጫማና በሹራብ ቆምሁ። በሩን ገፋሁት፣ ለመንሁት ማለትም ይቻላል። ከዚያ የሠራሁት ስሕተት ደረጃ ፍለጋ መሄዴ ነው፤ ስመለስ ሃያው በር ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፣ የልጄን ቁጥር ደግሞ አልያዝሁም። አገሬ ላይ ሌባ ካልሆነ በቀር ሰው በር አይቆለፍበትም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንደኛው በር ተከፈተና ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ብቅ አሉ። አይተውኝ ሳቃቸውን ዋጡ።

«ተቆለፈብዎት?»

ወይዘሮ ለተብርሃን ይባላሉ፤ የአስመራ ሰው ናቸው። እሳቸውም በመጡ በሦስተኛው ቀን እንዲሁ ተቆልፎባቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ አልቅሰዋል። አስገብተው በአልጫ ሽሮ አበሉኝ፤ ልጃቸው በጦርነቱ ጊዜ መሞቱን ከግድግዳው ፎቶ ተረዳሁ። የት ግንባር እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም የእኔ ወገን ማንን እንዳጣ አልጠየቁኝም። ልጄ እስክትመለስ ድረስ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ጉልበት ሕመም አወራን። ስወጣ «ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት፤ የእርስዎ በር እሱ ነው። ይያዙት» አሉኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 25

ልጄ ብቻዬን መተው ፈርታ ወደ ሥራዋ ይዛኝ ሄደች። ሆቴሉ ያለው በአሮጌው አሌክሳንድሪያ፣ በወንዙ አቅራቢያ ነው። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ፣ ቤቱ ቀይ ጡብ። ሰዎቹ «ጥንታዊ» የሚሉት ከሁለት መቶ ዓመት ትንሽ ያለፈውን ነው፤ ጎንደር ያየ ሰው ፈገግ ይላል። በወይን ጠጅ ጃኬቴ ስዞር ብርዱ ሲያይልብኝ በሩ ገርበብ ያለ የጡብ ቤተ ክርስቲያን አገኘሁና ገባሁ።

በሩ አጠገብ አንዲት ነጭ ፀጉር አሮጊት ተቀምጠው እንግዳ ይቀበላሉ። ስማቸው ዶረቲ ነው። እንግሊዝ ተወልደው በወጣትነታቸው አሜሪካዊ ወታደር አግብተው የመጡ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ስነግራቸው «እናንተማ ከእኛ ቀድማችሁ ክርስቲያን የሆናችሁ ናችሁ» አሉ። ፈገግ ብለውም «እናቴን ከጠየቁ ግን የቀደምነው እኛ ነን» አሉኝ።

የታሪክ መምህር እንዲህ ተብሎ ዝም አይልም። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

የነገሩኝ ይህን ነው። ጌታን ከመስቀል አውርዶ የገነዘው ዮሴፍ ዘአርማትያስ የቆርቆሮ ነጋዴ ነበረ፤ በመርከብ እንግሊዝ ድረስ ይመላለስ ነበር ይላሉ። ከዕርገት በኋላ ከባልንጀሮቹ ጋር ወንጌል ይዞ መጣ። ከአንድ ኮረብታ ሲደርሱ ደከማቸውና በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ዐረፈ። በትሩ ሥር ሰደደ፤ እሾሃማ ዛፍ ሆነ፤ በአገሩ የብርድ ወራት እምብርት፣ በገና፣ ያብባል። ሌሎችም ወሬዎች አሉ። ከሰባው አርድእት አንዱ አርስጦቡሎስ የዚያ አገር የመጀመሪያ ጳጳስ ነበረ ይላሉ፤ ሉክዮስ የሚባል ንጉሥ ደግሞ «አስተምረህ አጥምቀኝ» ብሎ ወደ ሮም ጻፈ ይላሉ። ወይዘሮ ዶረቲ ያደጉት ከዚያ ኮረብታ ሥር ነው፤ በሕፃንነታቸው እናታቸው እጃቸውን ይዘው ወስደው ዛፉን አሳይተዋቸዋል።

እኔ የሰማሁት ግን ስለ እንግሊዝ አልነበረም። በትር፣ ድካም፣ ኮረብታ፣ ዛፍ!

«በጽሑፍ የተገኘው መቼ ነው?» አልኋቸው።

«ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ። መነኮሳቱ ገዳማቸው ተቃጥሎባቸው ተሳላሚ ሲፈልጉ የጻፉት ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ።»

«እርስዎስ ያምኑታል?»

«እውነተኛ ታሪክ ነው ብዬ አልምልልዎትም። ግን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ዋሽታኝ አታውቅም።»

ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ባለፈው ወር ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የኮረብታውን ዛፍ ቅርንጫፍ በመጋዝ ቆርጦ ግንዱን ብቻ አስቀርቶታል። በዱሮ ጦርነት ዘመንም አንድ ወታደር ቆርጦት ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢው ሰው ቀድሞ ቅርንጫፉን እየወሰደ በየጓሮው ተክሎት ስለነበር ዘሩ አልጠፋም። «የእኔ እናት ያሳየችኝም የመጀመሪያው ዛፍ አይደለም፤ የልጅ ልጁ ነው» አሉ። «አንዱ ልጁ ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ኮረብታው ላይ ባለው ትልቁ ካቴድራል ግቢ ተተክሏል።»

ልሰናበት ስነሣ ጃኬቴን አዩትና ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ግራጫ የሱፍ ካፖርት አመጡ። ለችግረኞች ከተሰበሰበው ልብስ መሰለኝ። አገሬ ላይ ልብስ ሰጪ ነበርሁ፤ ተቀባይ ሆኜ አላውቅምና ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን «የባሌ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማን እንደምሰጠው ሳላውቅ ሰቅዬው ነው» አሉና ቁልፉን እስከ አንገቴ ቆለፉልኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 26

ወደ ወንድሜ የሄድሁት በሜትሮ ነው። ልጄ በወረቀት ጻፈችልኝ፤ ከአሌክሳንድሪያ ቢጫው መስመር፣ መሐል ከተማ ወርዶ ቀዩ መስመር፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ። ቀዩን አገኘሁ፤ ቀዩ ግን በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። አምስት ጣቢያ ካለፍን በኋላ የጣቢያዎቹ ስም ከወረቀቴ ጋር አልገጥም አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ወረቀቱን ከእጄ አንሥተው አዩና አብረውኝ ወረዱ። ደረጃ አስወጥተው፣ ደረጃ አስወርደው፣ በወዲያኛው በኩል ባቡሩ እስኪመጣ ቆሙ። ሥራ ይረፍድብዎታል ብላቸው «ይርፈድ» አሉ። ስማቸውን አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወይዘሮ እማዋይሽ ከጣቢያው በር ላይ ብርድ ሲመታቸው ቆይተው ነበር። «ዋርሳዬ! ሸበትህ!» ብለው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። ቤታቸው በእግር አሥር ደቂቃ ነው። በመንገድ ላይ ኅሩይ ለዓመታት በመኪና ማቆሚያ ሠርቶ ዓይኑ ሲደክም መተውን፣ አሁን ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም እንደማይሄድ ነገሩኝ።

ወንድሜ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቀጥኗል፤ ጢሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ድምፄን ሲሰማ በዝግታ ተነሣ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ጌታሁን» አለኝ።

ዘጠኝ ዓመት የሚበልጠኝ፣ በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ ሰው ነው «አቶ» ያለኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። እኔም «እንኳን ደህና ቆየህኝ፣ ጋሼ» ልል አስቤ ከአፌ የወጣው «እንኳን ደህና ቆዩኝ» ሆነ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 27

ኅሩይ ቀኑን ሙሉ በትሕትና ገደለኝ። «ይቀመጡ»፣ «ይጨመርልዎት»፣ «መስኮቱ ብርድ አስገባብዎት?» እማዋይሽ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን እያዩ ምስር ወጥ ያቀርባሉ፣ ጎመን ያቀርባሉ። በጾም ያን ያህል በልቼ አላውቅም፤ አፌ ሥራ ካልያዘ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ምሳ ላይ ለእማዋይሽ የወይዘሮ ዶረቲን ነገር ማውራት ጀመርሁ። ለእሳቸው ላውራ እንጂ ዓይኔ ወንድሜ ላይ ነበር። ዮሴፍ ዘአርማትያስ ስል ጉርሻው ከአፉ ሳይደርስ ቆመ።

«ጌታን የገነዘው?»

«እሱው።»

«ባሕር ተሻግሮ?»

«ይላሉ።»

«በሐዋርያት ሥራ የለም። ግን የሌለው ሁሉ አልሆነም ማለት አይደለም፤ የሐዋርያት መንገድ ሁሉ አልተጻፈም» አለ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሳህኑ። ከዚያ «ከዚያስ?»

ነገርሁት። በትሩን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። የዛፉ ዘር እዚሁ ዋሽንግተን፣ ካቴድራሉ ግቢ መተከሉንም ጨመርሁለት። እንግሊዞች የቀን አቆጣጠራቸውን በለወጡ ጊዜ ሕዝቡ ሻማ ይዞ ዛፉን ሊፈትነው እንደ ወጣም ነገርሁት። በአዲሱ ገና ዕለት ዛፉ አንድ አበባ አላወጣም፤ አበበ የተባለው በአሮጌው ገና ነው፤ ይህም ለእኛ ገና ይቀርባል።

ኅሩይ ከትከት ብሎ ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። «ሰማሽ እማዋይሽ! ዛፉ የሚያውቀው የእኛን ገና ነው!» አለ። ሳቁ ሲበርድ «ነገ የገና ጋድ ነው። ወደ ዛፉ ይወስዱኛል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 28

ሰላማዊት ሥራዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ በመኪናዋ መጣች። ካቴድራሉ ከከተማው በላይ ኮረብታ ላይ የተገተረ የድንጋይ ተራራ ነው፤ ስለ እሱ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። እኛን በር ላይ አውርዳ «ፓርኪንግ ፈልጌ መጣሁ» አለች። ያ አገር ሁሉ ነገር አለው፤ መኪና የሚያቆሙበት ቦታ ግን የለውም። አርባ ደቂቃ ቆየች። ደግ አደረገች።

ዛፉን ከግቢ ጠባቂው ጠይቀን አገኘነው። ትልቅ አይደለም፤ ዐውቆ ላልመጣ ሰው እንጨት ነው። ቅጠሉ ረግፎ፣ ቅርንጫፉ ተጠማዝዞ፣ የጠዋቷ በረዶ እየቀለጠች ከየጫፉ ትንጠባጠባለች። ኅሩይ ክንዴን ያዘ። ከመጣሁ ወዲህ ሲነካኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ለእኔ ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ። እርስዎ ይታይዎታል። አብቧል?»

ሁለት ነጭ ነገር ቅርንጫፍ ላይ ነበር፤ በረዶ ነው። አብቧል ብዬ ብነግረው ደስ ይለዋል፤ ማን ያውቅብኛል? ሃያ ስድስት ዓመት የተከፋብኝም ስለ ዛፍ በተናገርሁት እውነት ነው። ቆሜ ብዙ አሰብሁ። እሱም ሳይቸኩል ጠበቀ።

«አላበበም» አልሁት። «እምቡጥ ግን አለ።»

ጣቱን ይዤ ወደ ቅርንጫፉ ወሰድሁት። ጠንካራዋን ትንሽ እምቡጥ ዳሰሳት፤ ከእሷ ወደ ቀጣይዋ ሲሄድ እሾህ ወጋው። ደሙን በአፉ መጠጠና «እውነት ነው፤ አለ» አለ።

ካፖርቴን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንጥፌ አስቀመጥሁት። ትናንት ያልነገርሁትን ቀሪውን ነገርሁት፤ ወታደሩ የቆረጠውን፣ ሰው በየጓሮው የደበቀውን፣ ያሁኑ ዛፍ የልጅ ልጅ መሆኑን። ስጨርስ ኅሩይ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ጌታሁን» አለኝ። «አቶ» የለውም። «የእኛውም ደርቆ ነበር።»

«አውቃለሁ፤ ደርቆ በራሱ ለመለመ ይባላል።»

«በራሱ አይደለም። አንተ ገና ጡት አልጣልህም ነበር። በድርቁ ዓመት አገሩ እህል ፍለጋ ተሰዶ ደብሩ ለእኛ ቤት ብቻ ቀረ። የመነኩሴው ወይራ ከሥሩ ሞተ። አባባ ግንዱን ነቀሉት፤ ቅጥሩ ጥግ ላይ አንዲት ቡቃያ አግኝተው በቦታው ተከሏት። አፈሩን ያቀበልኋቸው እኔ ነኝ። ቡቃያዋ ከአሮጌው ዛፍ ሥር ትሁን፣ ወፍ ከጣላት ፍሬ ትሁን፣ እሳቸውም አላወቁም። ሰው ሲመለስ 'ለመለመ' ብሎ እልል አለ። አባባ 'አዎ' አላሉም፤ 'አይደለም'ም አላሉም።»

«እንግዲያ ያን ቀን የተናገርሁት…»

«አንድም ስሕተት አልነበረበትም። አንተ የተቀየሙህ መስሎህ ነው የኖርኸው። አልተቀየሙህም፤ ፈሩ። ያን ዕለት ራት ሳይበሉ ተቀምጠው 'ልጄ አወቀብኝ' አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ 'በሜትር ለክቶ ይህን ካወቀ፣ ደህና አድርጎ ተምሯል' አሉ።»

አለቀስሁ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በሰው አገር አደባባይ አለቀስሁ።

«ለምን አልነገርኸኝም፣ ጋሼ?»

«'እስክሞት ለሰው እንዳትናገር' ብለውኝ ነበር።»

«ከሞቱ በኋላስ?»

የተወጋ ጣቱን አሻሸ። «ከሞቱ በኋላ መንገር እችል ነበር። ተናድጄ ነበር፤ እውነት መናገር አይደለም፣ በሰው ፊት ጮኸህ መናገርህ ነው ያናደደኝ። ለቀብሩ የመጣ ሰው ምን ገደላቸው ብሎ ሲጠይቀኝ በአንተ ላይ ጣልሁት። አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያልሁ ዓመት በዓመት ላይ ተጨመረ፤ ከዚያ ቁጣው አልፎ እፍረቱ ቀረ። ከበደለኛው እኔ እብሳለሁ።»

«እኔም ዝቅ ባለ ድምፅ ለብቻቸው ብነግራቸው ኖሮ…»

«ቢሆን ኖሮ ላንተ ይነግሩህ ነበር» አለ።

ሰላማዊት እያለከለከች ስትመጣ ሁለት ሽማግሌ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዱ ጣቱ ደምቶ፣ ሌላው ዓይኑ ቀልቶ አገኘችን።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ደንግጣ።

«ዛፉ ወጋን» አላት ኅሩይ።

ዓርብ፣ ገና

ቅዳሴ አድረን መጣን። ኅሩይ መጽሐፍ ሳይገልጥ ሲያዜም ሰማሁት፤ ዓይኑ ያጣውን ሁሉ ጆሮው ይዞታል። ረፋድ ላይ ሻንጣዬ መገኘቱን ደወሉልን፤ አንድ እጀታ ጎድሎት መጣ። በርበሬው ፈስሶ ጋቢው ቀይ ሆኗል። እማዋይሽ ሦስት ጊዜ አጥበውት አልለቅ አለ፤ ወንድሜ ግን ወዲያው ደረበው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥስ ዋለ። ቀጭኑን የአሜሪካ በግ ቆራርጠን፣ ዶሮ ጨምረን በላን። ወይዘሮ ለተብርሃንንም ጠርተናቸው መጡ፤ እሳቸውና እማዋይሽ የአንድ ሰፈር ሰው መሰሉ።

ወር ሞልቶ ስመለስ ኅሩይ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ። ይህን ማስታወሻ መጻፍ እንደምፈልግ፣ የአባታችንን ነገር ግን እንደምተወው ነገርሁት።

«ለምን ትተወዋለህ?»

«የደብሩ ሰው ቢያዝንስ? ዛፉን ቢተዉትስ?»

ከኋላችን ሰልፉ ሲገፋን፣ ሰላማዊት ሰዓቷን ስታይ፣ ወንድሜ ትከሻዬን ይዞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«የሚያዝን ይዘን፤ ጻፈው። ግን ተክለው ሄዱ ብለህ ብቻ እንዳታቆም። ሁለት በጋ ሙሉ ከወንዝ ውኃ ሲቀዱለት ኖረዋል፤ በእንስራ፣ እንደ ሴት በጀርባቸው አዝለው። ቄሰ ገበዝ ሆነው። ከስደት የተመለሰው ሰው ለምን እንደሚቀዱ ሳያውቅ 'ሚስታቸው ምን ሆና ነው?' እያለ ሲስቅባቸው እየሰሙ። እሱን ጻፍ።»

ይኸው ጻፍሁት።